ለምርቃት የተገዛው የፕላስቲክ አበባ አኳሪየም ውስጥ ሲገባ፦ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። መርካቶ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ አበባና ቅጠል፣ ያ ለሠርግና ለሳሎን ማስጌጫ የምንገዛው፣ ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ ቢገባ ችግር አለው ወይ? ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራው እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የማስጌጫው ግን በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ደግሞም ያምራል።

እኔ "አይሆንም" ብዬ አልዘጋውም። ከእነዚህ ቅጠሎች ብዙዎቹ ዓሣ የማይጎዳ ፕላስቲክ ናቸው። አደጋው ያለው ቅጠሉን በያዘው ነገር ላይ ነው፦ በሽቦው፣ በሙጫው፣ በቀለሙ፣ በጨርቁ። ይህን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ቤት ስለገጠመኝ የቤቱን ሰዎች አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ትቼ፣ የሆነውን ከነዝርዝሩ እጽፈዋለሁ።

ቤቱና አኳሪየሙ

ቤቱ አዲስ አበባ ነው። አኳሪየሙ የእናትየው ነው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ የጀመሩት ነገር ነው፣ በጣም ይወዱታል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር ሲሆን እስከ አፉ ስለማይሞላ ወደ 100 ሊትር ውሃ ይይዛል። ውስጡ አራት ጎልድፊሽ ነበሩ። ሦስቱ ጅራታቸው የተንዠረገገ፣ አንዱ ደግሞ ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠ ጥቁር። ጥቂት ቀንድ አውጣዎችም ነበሩ።

ለአራት እንዲህ ዓይነት ጎልድፊሽ 100 ሊትር ጠበብ ይላል። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያወጣል። እናትየው ግን ጠንቃቃ ናቸው። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ይቀይራሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ ቀድተው ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ከፍተው ያሳድሩታል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ነው፤ እሱንም ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ብቻ ነበር የሚያጥቡት። በዚህ አያያዝ ከአንድ ዓመት በላይ አንድም ዓሣ ሳይሞት ቆይቷል።

የጎደለው አረንጓዴ ነገር ነበር። ጎልድፊሽ ተክል ይበላል። አንዴ እውነተኛ የውሃ ተክል አስገብተው ብዙም ሳይቆይ ግንዱ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ተክል መፈለጋቸው ትክክለኛ ምክንያት ነበረው። ዓሦቹም ቢሆኑ መጠለያ ያስፈልጋቸዋል፤ አራቱም ጎኑ የተጋለጠ ባዶ መስታወት ውስጥ የሚኖር ዓሣ ቶሎ ይደነግጣል።

ምን ገባ?

ልጃቸው ሐምሌ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ለድግሱ ብዙ ሰው ሠራሽ አበባ ተገዝቶ ነበር፤ ከድግሱ በኋላም ካርቶን ሙሉ ተረፈ። እናቷን ለማስደሰት ብላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አኳሪየሙን አስጌጠችው።

የገቡት አራት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ረጅም ሐረግ፣ ሁለተኛው ወፍራም ግንድ ኖሮት ትንንሽ ቅርንጫፎች የተሰኩበት አረንጓዴ ቅጠል፣ ሦስተኛው ቀይ የጨርቅ ጽጌረዳ፣ አራተኛው ብልጭልጭ የተረጨበትና ጫፉ ላይ ትንንሽ የፎም ኳሶች ያሉት ነጭ እንጨት መሳይ ነገር። ሁሉንም በቧንቧ ውሃ አለቅልቃለች። የረዘመውን በፒንሳ ቆርጣ፣ እንዲመቻት አጣጥፋ፣ ጫፉን ጠጠሩ ውስጥ ሰካችው። በጣም ያምር ነበር፤ ፎቶውን አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚፈልግ ነገር አለ። ግንዱ ሲያጥፉት እንደታጠፈ ቀርቷል። ፕላስቲክ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ይቃና ነበር። እንደታጠፈ ከቀረ ውስጡ ሽቦ አለ ማለት ነው። ፒንሳው ደግሞ ግንዱን ሲቆርጥ ሽቦውን የሸፈነውን አረንጓዴ ፕላስቲክም ከፍቶታል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ በቀጥታ ከውሃው ጋር ተገናኘ።

ዓሦቹ ምን ሆኑ?

የቀኑን ቅደም ተከተል ያገኘነው ከልጅቷ ስልክ ነው፤ በየቀኑ ፎቶ ታነሳ ስለነበር። ይህ በኋላ በጣም ጠቅሞናል።

ቅዳሜ ማታ ሁሉም ደህና ነበር። ሰኞ ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱን ለቅቀው ጠጠሩ ላይ ወድቀዋል፤ ወደ ቅርፊታቸው ገብተው አይንቀሳቀሱም። ዓሦቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይዘዋል። ማክሰኞ ምግብ አልነኩም። ከዚያም ወደ ላይ ወጥተው ከውሃው ገጽ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ጀመሩ። ከተንዠረገገ ጅራታቸው ላይ ስንጥቅ ይታይ ነበር፣ የጥቁሩ አንድ ዓይንም ደፍርሶ ነበር።

መጀመሪያ የተጠረጠሩት

ቤተሰቡ መጀመሪያ ያሰበው ውሃውን ነው። ክረምት ነበር፣ በዚያ ሰሞን የቧንቧው ውሃ ደፍረስ ብሎ መጥቶ ነበር። ሌላው ጥርጣሬ መብራት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል። ጎረቤት ደግሞ ኦክስጅን አንሷቸው ነው አለ።

ሦስቱም ግምት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። በተለይ የኦክስጅኑ ነገር አዲስ አበባ ላይ ሊናቅ አይገባም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ እዚህ 7 አካባቢ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ፓምፕ ሲቆም ዓሣ ቶሎ ይጨነቃል። ግን ኦክስጅን ብቻ ቢሆን ፓምፑ ሲመለስ ዓሦቹም ይመለሱ ነበር። አልተመለሱም። ውሃውም ቢሆን ከዚያው ሮቶ የተቀዳው ባለፈው ሳምንት ምንም አላደረጋቸውም።

ማንም ያልጠረጠረው አበባውን ነው። ታጥቧል፣ ፕላስቲክ ነው፣ ቀለሙም የለቀቀ አይመስልም ነበር።

ረቡዕ የተወሰደው እርምጃ

ረቡዕ ዕለት ቤተሰቡ ተጨንቆ ሁሉን ነገር አወጣ። ውሃው በሙሉ ተደፋ፣ ጠጠሩ ታጠበ፣ መስታወቱ ተፈተገ፣ አበባዎቹ እንደገና ተለቀለቁ፣ ስፖንጁም በቧንቧ ውሃ በደንብ ተጨመቀ። ከዚያ በአዲስ ውሃ ሞሉትና አበባዎቹን መልሰው አስገቡ።

ሐሙስ ዓሦቹ ነቃ አሉ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። ዓርብ ግን ሁሉም ተመልሰው ጥግ ያዙ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስቱ ባለ ረጅም ጅራቶች አንዱ ሞቶ ተገኘ። እናትየው የደወሉልኝ ያን ጊዜ ነው። "ልጄ፣ ምን እንዳደረግኋቸው አላውቅም፣ እባክህ ና እይልኝ" ነበር ያሉት። ድምፃቸው ይሰማኛል እስከ ዛሬ። "እትዬ፣ እስክመጣ ምንም አይጨምሩ፣ ምግብም አይስጧቸው" አልኳቸው።

ስደርስ የታየው

መጀመሪያ ውሃውን በጠብታ መመርመሪያ ለካሁ። አሞኒያ፣ ማለትም ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው መርዝ፣ በሊትር 1 ሚሊግራም ያህል አሳየ። ጤነኛ አኳሪየም ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። ናይትራይት ዜሮ ነው። ይህ ውጤት አንድ ነገር ይናገራል። በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። አዲስ አኳሪየም ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እዚህ ቤት ከዓመት በላይ የቆየ ስፖንጅ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ግን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ብዙው ባክቴሪያ ሞቷል። አሞኒያው ቀድሞ የሚቀይረውን አጣ።

ታዲያ ጉዳዩ አሞኒያ ነው ብዬ ልሄድ እችል ነበር። የልጅቷ ፎቶዎች ግን ይህን ይቃወማሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የወደቁት ሰኞ ነው፤ ስፖንጁ የታጠበው ረቡዕ። ከአሞኒያው በፊት ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ወደ አበባዎቹ ዞርኩ። አንዱን ግንድ አውጥቼ የተቆረጠውን ጫፍ አየሁ። መሐሉ ላይ ግራጫ ሽቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዟል። ማግኔት ሲጠጋው ይስባል፤ ስለዚህ ብረት ነው። ግን ዝገቱ ቀይ ብቻ አልነበረም። ብረት እንዳይዝግ በዚንክ ሲለበጥ ግራጫ ይሆናል፣ ዚንኩ ውሃ ሲያገኘው ደግሞ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ የምናየው ያው ነው።

ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ስንጥባቸውን፣ ማለትም ከጉንጫቸው ሥር ያለውን መተንፈሻ ይጎዳል፤ ከውሃው ካልሲየም የሚወስዱበትንም መንገድ ይዘጋል። ለዚህ ነው ዓሣ በዚንክ ሲመረዝ ኦክስጅን እያለ ኦክስጅን እንዳጣ የሚሆነው። ውሃው ለስላሳ ሲሆን፣ ማለትም ካልሲየም ሲያንሰው፣ ጉዳቱ ይብሳል። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ደግሞ ለብረታ ብረት ከዓሣ ይበልጥ ስሱ ናቸው፤ በተለይ መዳብ አይችሉም። ቀንድ አውጣዎቹ ቀድመው መውደቃቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የጅራቱ ስንጥቅ ሌላ ምክንያት ነበረው። አሮጌ ስቶኪንግ አስመጥቼ ቅጠሎቹ ላይ በቀስታ ጎተትኩት። የሐረጉ ቅጠል ጠርዝ ላይ፣ በሻጋታ ሲሠራ የቀረ ስለት ነበረው፣ ስቶኪንጉን ይዞ ተረተረው። ስቶኪንግ የሚተረትር ጠርዝ የጎልድፊሽንም ጅራት ይተረትራል። ጥቁሩ ጎልድፊሽ ደግሞ ዓይኑ ቢፈጥጥም ጥሩ አያይም፤ ሲዋኝ ስለሚጋጭ ዓይኑን የወጋው የሽቦ ጫፍ ወይም ደረቅ ቅጠል ነው።

ያደረግነው

አበባዎቹን በሙሉ አወጣን። አንድም ሳይቀር። የትኛው ጥሩ እንደሆነ መለየት የሚቻለው ዓሦቹ ከአደጋ ከወጡ በኋላ ነው።

ውሃውን በአንዴ አልቀየርንም። በየቀኑ 30 በመቶ ያህሉን፣ ክሎሪኑ በጠፋ ውሃ፣ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር ተመጣጥኖ። ይህ ዚንኩንም አሞኒያውንም እያቀጠነ ይሄዳል፣ ዓሦቹን ግን ድንገት አያስደነግጥም። ምግብ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆመ፤ ከዚያ በቁንጥር ቀጠለ። ያልተበላ ምግብ ሁሉ አሞኒያ ስለሚሆን ነው። ተጨማሪ የአየር ድንጋይ፣ ማለትም አየሩን በትንንሽ አረፋ የሚበትነው፣ ከፓምፑ ጋር ተገናኘ።

ከሌላ ጤነኛ አኳሪየም የሠራ ስፖንጅ አመጣሁና ከራሳቸው ስፖንጅ አጠገብ አደረግነው። ባክቴሪያ ማበደር ማለት ነው። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። አሞኒያው ከሳምንት በኋላ በግማሽ ወርዶ ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዜሮ ሆነ። በመሐል ናይትራይት ትንሽ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ባክቴሪያዎቹ ሥራ መጀመራቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ሦስቱ ዓሦች ተርፈዋል። ጅራታቸው ቀስ እያለ ገጠመ። የጥቁሩ ዓይን ግን ሙሉ በሙሉ አልጠራም።

በጠርሙስ የተደረገው ሙከራ

ልጅቷ በጣም አዝና ነበር። "እኔ ነኝ የገደልኩት" ትል ነበር። በግምት ከመቆየት ማረጋገጥ ይሻላል ብለን ከካርቶኑ የተረፈውን አበባ ይዘን አንድ ነገር ሞከርን። እሷ ናት አብዛኛውን የሠራችው።

አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙሶችን ደረደረች። በሁሉም ውስጥ ከሮቶው የተቀዳና ያደረ ውሃ። በአንዱ ከግንዱ የተላጠ ሽቦ፣ በሌላው የጨርቅ ጽጌረዳ፣ በሌላው ብልጭልጩ፣ በሌላው ሽቦ የሌላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ቅርንጫፎች፣ በመጨረሻው ምንም ያልገባበት ውሃ ብቻ። ሳምንት ሙሉ ነጭ ወረቀት ከኋላቸው ተለጥፎ ቆዩ።

ሽቦ ያለበት ጠርሙስ ሥር ነጭ ዝቃጭ ተጠራቀመ፣ ጫፉም ላይ ቡናማ ዝገት ጀመረ። ጽጌረዳው ያለበት ውሃ ሮዝ ሆነ፤ ቅጠሉን የያዘው ሙጫም ለስልሶ ተላቀቀ። ብልጭልጩ ረግፎ ከላይ ተንሳፈፈ፣ የፎሙ ኳስ ቀለም ተላጠ። ዓሣ ይህን ምግብ መስሎት ይውጠዋል፤ ጎልድፊሽ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት እንስሳ ነው። ሽቦ የሌላቸው ቅርንጫፎች ያሉበት ውሃ ግን ባዶ ውሃ ካለበት ጠርሙስ አይለይም ነበር። ቀለም የለም፣ ሽታ የለም፣ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገርም የለም።

የላብራቶሪ ምርመራ አላደረግንም። ግን የቀንድ አውጣዎቹ ቅደም ተከተል፣ ነጩ ዱቄት፣ የጠርሙሶቹ ልዩነትና በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው።

ሽቦ የሌለው ተክል እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ጥሩው ክፍል እንምጣ፤ እናትየው አረንጓዴያቸውን አልተውም።

ወፍራም ግንድ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ሲፈታ ሽቦ ያለው ዋናው ግንድ ላይ ብቻ ነው። ከግንዱ ጎን የተሰኩት ትንንሽ ቅርንጫፎች ጎተት ሲያደርጓቸው ይወጣሉ፣ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ናቸው። ልጅቷ እያንዳንዱን ነቅላ በማጠፍ ፈተነችው። ተመልሶ የተቃናውን አስቀረች፣ እንደታጠፈ የቀረውን ጣለች። የተጠራጠረችውን በጥፍር መቁረጫ ቆርጣ መሐሉን አየች።

ቀጥሎ የመንሳፈፍ ፈተና። ከቅጠሉ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን በጣት ማራገፍ። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፕሊን የሚባሉት ፕላስቲኮች ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ የምግብ ዕቃም የሚሠራባቸው ናቸው። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ይሰምጣል። ለስላሳ ፒቪሲ እንዲተጣጠፍ የሚያደርጉ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል፣ እነሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ይወጣሉ። የሐረጉ ቅጠል ሰመጠ፤ ካርቶኑ ሲከፈት ያፍን የነበረው ከባድ የፕላስቲክ ሽታም የእሱ ነበር። ጠርዙም ስለት ስለሆነ ለመጣል ብዙ አላሰብንም። ይህ ፈተና ፍርድ አይደለም፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ፕላስቲክም ሊሰምጥ ይችላል፤ ግን ሽታና መስመጥ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ አላስገባውም።

የተረፉት ቅርንጫፎች ጠርዛቸው በስቶኪንግ ተፈተነ። ሸካራ የሆነው በብርጭቆ ወረቀት ተሞረደ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተዘፈዘፉ፣ ደጋግመው ተለቀለቁ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ባለበት ውሃ ቆይተው የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ደረቁ። ሳሙና አልነካቸውም። ሳሙና ከፕላስቲክ ስንጥቅ ውስጥ ለማስወጣት ከባድ ነው፣ ለስንጥብም መጥፎ ነው።

የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ የሚይዘው ክብደት ይፈልጋል። ሙጫ ሳንጠቀም ነው የጨረስነው። ቀለምና ቫርኒሽ የሌለው የአበባ ሸክላ ስባሪ ተወሰደ፣ ስለቱ ተሞረደ፣ ቅርንጫፎቹ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተጠቅልለው ታሰሩበት፣ ሸክላው ጠጠሩ ሥር ተቀበረ። ድንጋይ መጠቀም የሚፈልግ ሰው አቼቶ ጠብ ያድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፣ የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየሙን መጠን፣ ይለውጣል።

ማጣበቅ ግድ ከሆነ ንጹሕ ሲልከን ነው የሚሻለው። ሕንፃ መሣሪያ ቤት የሚሸጠው ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ ሻጋታ እንዳያበቅል መድኃኒት የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ። ከተጣበቀ በኋላ የአቼቶ የመሰለው ሽታ እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ።

ተክሎቹ የገቡት አንድ እቅፍ ብቻ በመጀመሪያ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ አኳሪየም የደረሰው ሲሶው ቢሆን ነው። ወራት ካለፉ በኋላ እናትየው ከወዳጅ ቤት ቀንድ አውጣ አምጥተዋል፤ መስታወቱ ላይ ሆነው እንቁላል ጥለዋል።

ያልሠሩ ነገሮች

ውሃውን በሙሉ መድፋት ቀዳሚው ነው። ዚንኩን ለአንድ ቀን ቀነሰው፣ ግን ሽቦው ተመልሶ ስለገባ መርዙም ተመለሰ፣ የስፖንጁ ባክቴሪያም በመሐል ጠፋ። አንድ ችግር የነበረው ቤት ሁለት ችግር ያዘ።

የሽቦውን ጫፍ በጥፍር ቀለም መሸፈን ልጅቷ ያሰበችው ሐሳብ ነበር፣ በጠርሙስ ሞከርነው። ከቀናት በኋላ ተላጠ። በሲልከን መድፈንም ቢሆን ግንዱ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም። ሽቦ ይወጣል እንጂ አይሸፈንም።

አንድ ዘመድ ውሃው እንዲጣራ የምድጃ ከሰል እንዲገባ መክሮ ነበር። አላስገባንም። ለማጣሪያ የሚሆነው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አክቲቬትድ ካርበን ነው። የምድጃ ከሰል አመድ አለው፣ አመድ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርጋል፣ ፒኤች ሲጨምር ደግሞ ያው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ቢገባ ሦስቱንም ባጣናቸው ነበር።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ተክሉን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ እጠፉት። እንደታጠፈ ከቀረ ወይ ተዉት፣ ወይ የሚነቀል ቅርንጫፍ እንዳለው አይታችሁ ለቅርንጫፉ ብላችሁ ግዙት። ጨርቅ፣ ብልጭልጭ፣ የተረጨ ቀለም፣ የፎም ፍሬ ያለበት አኳሪየም አይገባም፤ እዚህ ላይ መደራደር የለም። በኪስ ትንሽ ማግኔት መያዝ ጥሩ ነው፣ ግን ማግኔት አልሳበም ማለት ሽቦ የለም ማለት አይደለም፣ መዳብንም አሉሚኒየምንም አይስብም።

ቤት ከደረሰ በኋላ ሳምንት በጠርሙስ ይቆይ፣ አጠገቡ ባዶ ውሃ ይቀመጥ። ማነጻጸሪያ ከሌለ ዓይን ያታልላል።

ሰው ሠራሽ ተክል የሚሰጠው መጠለያና ውበት ነው። ናይትሬት አይመጥም፣ ኦክስጅን አይሰጥም። ስለዚህ ተክል አለኝ ብላችሁ የውሃ መቀየሪያውን ቀን አታራዝሙ። እንዲያውም ጥቅጥቅ ብሎ ከገባ ሥሩ ላይ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ውሃ እንደልብ አይዘዋወርም፤ በመሐሉ ክፍት ቦታ ተዉ።

ዓሣ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው "በቅርቡ ምን ገባ?" የሚለው ነው። የገባውን አውጡ፣ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ፣ ስፖንጁን አትንኩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደጎዳ፣ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም። በየቀኑ አንድ ፎቶ ማንሳት ምንም አያስከፍልም፤ እዚህ ቤት ሁለቱን ችግሮች የለየልን ፎቶው ነው።

አሁን አኳሪየማችሁ ውስጥ የማስጌጫ ተክል ካለና ዓሦቹ ደህና ከሆኑም አንዱን ግንድ አውጥታችሁ ከጠጠር ሥር የነበረውን ጫፍ እዩት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት፣ ቡናማ እድፍ፣ የተሰነጠቀ ሽፋን ካለው ዛሬውኑ ይውጣ። አልጌ ብቻ ከሆነ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ያለ ሳሙናና ያለ ጥርስ ሳሙና፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አሽታችሁ መልሱት።